የድሮውና የዘመኑ ማርሻል አርት፦ የትኛው ለምን?

አውቶቡስ ተራ አካባቢ ያደግን ልጆች ማርሻል አርትን መጀመሪያ ያየነው ቪዲዮ ቤት ነው። የብሩስ ሊን ፊልም ጨርሶ የወጣ ሁሉ ደጅ ላይ እግሩን ያነሳል። «ቴኳንዶ የሚሠራ ሰው ሌባ አይደፍረውም» ይባል ነበር። ግን እውነት ነው?

ለዚህ መልስ ለማግኘት እያንዳንዱ ጥበብ ለምን እንደተሠራ ማየት ያስፈልጋል። ጁጂትሱ የጃፓን ሳሙራዮች የጦር ሜዳ ስልት ነበር። ጂጎሮ ካኖ በ1882 እ.ኤ.አ. አደገኛዎቹን ስልቶች ከግጥሚያ አውጥቶ ጁዶን መሠረተ፤ ዓላማው አካልንና ጠባይን ማነጽ ነበር። ቴኳንዶ ደግሞ ከ2000 እ.ኤ.አ. የሲድኒ ኦሎምፒክ ጀምሮ ሜዳልያ የሚያስገኝ ስፖርት ሆኗል። በ2021 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ የእኛው ሰለሞን ቱፋ ተወዳድሮበታል።

ታዲያ ባህላዊው ሁሉ ለጦርነት፣ ዘመናዊው ሁሉ ለስፖርት ነው ማለት ነው? አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሱርማዎች በረጅም በትር የሚጋጠሙበት ዶንጋ ባህላዊ ነው፤ ሆኖም ዳኛና ሕግ አለው፣ ተጋጣሚን መግደልም ክልክል ነው። የሚፈለገው ጀግንነትን በሰው ፊት ማስመስከር ነው።

አውቶቡስ ተራ ግን ዳኛ የለም። ለዓመታት ቴኳንዶ የሠራ አንድ ጓደኛዬ ቦርሳውን የነጠቀውን ልጅ አባሮ ያዘው። ወዲያው ሌላው ከኋላ መጥቶ ክንዱን በስለት ወጋው። «ግጥሚያ ላይ ከኋላ የሚመጣ የለማ!» አለኝ በኋላ። የተማረው ትምህርት ውሸት አልነበረም፤ የተሠራው ግን ለሌላ ቦታ ነው።

ስለዚህ ልንመዘገብ ስንሄድ «የትኛው ይበልጣል?» ከማለታችን በፊት «ለምን ፈለግሁት?» ብለን ብንጠይቅ ይሻላል እላለሁ።