ዛዮችና የዝዋይ ደሴቶቻቸው

ወደ ሐዋሳ የሚወርድ መንገደኛ ባቱ ሲደርስ መኪናውን ያቆምና አሳውን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ ጉዞውን ይቀጥላል። የዝዋይ ሐይቅ በግራው በኩል መኖሩን ያውቃል። ውኃው መካከል ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች እንዳሉ፣ ዛዮች የሚባሉት የደሴተኞቹ ቋንቋም ኦሮምኛም አማርኛም እንዳልሆነ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ደሴት ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ጣና ይሄዳል። አይፈረድብንም፤ ጣና 37 ያህል ደሴቶች አሉት፣ የገዳማቱም ዝና በመጻሕፍትም በቴሌቪዥንም ሲነገር ኖሯል። ዝዋይ ደግሞ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከዋናው መንገድ አጠገብ እያለ አላፊው እንጂ ጠያቂው አልበዛም።

ሐይቁ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ጥልቀቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ጥልቅ የተባለው ስፍራ እንኳ 9 ሜትር ቢሆን ነው። መቂ ከጉራጌ ደጋ፣ ከታር ከአርሲ ተራሮች ወርደው ይገቡበታል። ትርፉን ቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢያታ ሐይቅ ይወስድለታል። መውጫ ስላለውም ውኃው እንደ አቢያታና ሻላ ጨዋማ አልሆነም፤ አሳውም፣ የመስኖ እርሻውም፣ ዳር ዳሩን የተዘረጉት የአበባ ድንኳኖችም የቆሙት በዚህ ጸጋ ላይ ነው። ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ግን ጠባዩ አስቸጋሪ ነው። ጠዋት የተኛ የሚመስለው ውኃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነካው ወዲያው ማዕበል ያስነሳል። ጀልባ ነጂዎቹ በማለዳ ካልተነሳን የሚሉት ለዚህ ነው፤ ቢቸኩሉ ለገንዘብ አይምሰላችሁ።

ጉዞው የሚጀመረው ከባቱ አሳ ማራገፊያ ነው። እዚያ አባ ኮዳ የተባለው መላጣ ወፍ ከሰው እኩል ተሰልፎ ይጠብቃል። አሳ አስጋሪው ቆሮሶውን ሰንጥቆ አንጀቱን ሲወረውር አባ ኮዳ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ይራመዳል፣ ይውጣል፣ ተመልሶ ቦታውን ይይዛል። ፔሊካኖቹ ከውኃው ላይ ሆነው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ብዙ ጎብኚ ይህን ፎቶ አንስቶ ዝዋይን አየሁ ብሎ ይመለሳል። ትንሽ ጊዜ የተረፈው ደግሞ ወፎች የሚያድሩባትን ድንጋያማ ደሴት ዞሮ፣ ዕድል ከቀናው ጉማሬ አይቶ ይመጣል። ዋናው ነገር ያለው ከዚያ ወዲያ ነው።

ትልቁ ደሴት ቱሉ ጉዶ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ስሙ ደብረ ጽዮን። ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ገሊላና ደብረ ሲና ሌሎቹ ናቸው። ቱሉ ጉዶ ከሩቅ ሲታይ ከውኃ መሐል ብቅ ያለ ተራራ ነው፤ በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ከጣና ገዳማት የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም፤ ቱሉ ጉዶ ግን መንደር ነው። ልጅ የሚጮህበት፣ ዶሮ የሚጭርበት፣ ሸማ የሚሸመንበት ቀዬ ነው። እኔ ለመሄድ በቂ ምክንያት የምለው ይህንኑ ነው፣ ምንም እንኳ አስጎብኚዎች ሌላ ታሪክ ማስቀደም ቢወዱም።

ያ ሌላ ታሪክ የታቦተ ጽዮን ነው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናቱ ታቦቱን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ፣ በዚህ ደሴትም ሰባ ዓመት ያህል አስቀመጡት ይላል ትውፊቱ። ደብረ ጽዮን የሚለው ስምም ከዚህ ይያያዛል። የደሴቱ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት አሉት፤ ካህናቱም ሲጠይቋቸው በኩራት ያነሷቸዋል። ትውፊቱን ለማመንም ላለማመንም ከሐይቁ ዳር ቆሞ መፍረድ አይቻልም። ቋንቋው ግን የራሱን ምስክርነት ይሰጣል። ዛይኛ ሴማዊ ነው፤ የቅርብ ዘመዶቹ ግን ስልጤኛና ሐረሪኛ እንጂ ትግርኛ አይደሉም። ስለዚህ ከአክሱም የመጡ ካህናት ቢኖሩ እንኳ የሕዝቡ ግንድ ሌላ መሆኑ አይቀርም። ዛዮች ራሳቸውም የሚናገሩት አንድ የትውልድ ሐረግ ብቻ አይደለም፤ ከጉራጌና ከስልጤ ወገን የመጣ አለ፣ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከሸዋ ሸሽቶ የገባም አለ። ደሴት መሸሸጊያ ነው፤ የሸሸ ሁሉ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ አንድ ሕዝብ ሆነ ብንል ከእውነቱ ብዙ የምንርቅ አይመስለኝም።

ለዘመናት የሐይቁ ዳርቻ የአርሲ ኦሮሞ የከብት ግጦሽ ነበር። ግንኙነቱ አንዳንዴ ጠብ፣ አንዳንዴ ንግድ ሆኖ ቆየ። ክርስቲያኖቹ ዛዮች ከውኃው ወጥተው በሰፊው ማረስ ስላልቻሉ ያለቻቸውን ተራራ መቆጠብ ነበረባቸው። ይህ ቁጠባ ዛሬም ዓይን ላይ ይወድቃል። ከጀልባው ወርደው ወደ ላይ የሚያቀናውን ቀጭን መንገድ ሲይዙ ግራ ቀኙ እርከን ነው። ድንጋዩ ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ እርስ በርሱ ተነካክሶ ተደርድሯል። ከአንዱ ግድግዳ ጀርባ ያለው መሬት አንዳንድ ቦታ በሬ የማይዞርበት ጠባብ ነው፤ ግን ተቆፍሯል፣ ተዘርቷል። የኮንሶን እርከን ዓለም ያውቀዋል፣ ዩኔስኮም መዝግቦታል። የዛዮቹ ያን ያህል ባይሰፋም ሥራው ለዓይን ያንሳል የሚል አይገኝም። ግድግዳው በአንድ ቦታ ቢናድ ከበላይ ያለው አፈር ሁሉ ተያይዞ ሐይቅ ይገባል፤ ስለዚህ ጥገናው የዓመት ዓመት ሥራ ነው።

ከእርሻው ሌላ ያለው ኑሮ አሳና ሽመና ነው። የድሮው ታንኳቸው በሐይቁ ዳር ከሚበቅል፣ በውኃ ላይ ከሚንሳፈፍ ቀላል ተክል ታስሮ የሚሠራ ነው። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ፀሐይ ላይ እያወጡ ማድረቅ ግድ ይላል፣ ሲያረጅም በሌላ ይተካል። በዚህ ታንኳ ወደ ገበያ መሄድ ማለት ሌሊት ተነስቶ ሲቀዝፉ ማርፈድ ነበር። ዛሬ የሞተር ጀልባው ድካሙን አቅልሎታል፤ ታንኳው ግን ለአሳ ማስገር ያገለግላል።

በ1870ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የምኒልክ ጦር አርሲን ካስገበረ በኋላ ዳርቻው ለዛዮችም ተከፈተ። ሰዉ ቀስ በቀስ ወደ የብስ ወጣ፤ መጀመሪያ ለእርሻ፣ ኋላ ለትምህርትና ለሥራ። ዛሬ በመቂና በባቱ ዙሪያ የሚኖረው ዛይ በደሴቶቹ ላይ ከቀረው ይበልጣል። ገሊላና ደብረ ሲናም ከሌሎቹ ይልቅ ጭር ያሉ ናቸው። ዛይኛ የሚናገረው ሰው በጥቂት ሺህ የሚቆጠር ሲሆን፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ኦሮምኛና አማርኛም ይችላል። ዳር ላይ የተወለደ ልጅ ከጎረቤቱ ጋር በኦሮምኛ ተጫውቶ፣ ቤቱ ሲገባ አያቱ በዛይኛ ስትጠራው በሌላ ቋንቋ ይመልስላታል።

መሄድ ለፈለገ ሰው መንገዱ ከባድ አይደለም። የሞጆ–ሐዋሳ ፈጣን መንገድ ባቱን አቅርቦታል። ቅዳሜ አመሻሽ ገብቶ ማደርና እሑድ በማለዳ መሳፈር ይሻላል። የጀልባ ዋጋ ከመሳፈር በፊት ይቆረጣል፤ ደርሶ መልስ መሆኑን፣ ደሴቱ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅም እዚያው መነጋገር ነው። የመንሳፈፊያ ሰደርያ ከሌለው ጀልባ ጋር ባይዋዋሉ ይመረጣል። ምግብና የሚጠጣ ውኃ ከባቱ መያዝ ያስፈልጋል፤ ቱሉ ጉዶ ላይ ሆቴል አለ ብሎ ባዶ እጅን መሄድ አያዋጣም። ብራናውን ማየት የሚሻ ሰው ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱን በአክብሮት ይጠይቅ፤ ቁልፉን የያዙት አባት እርሻ ላይ ከሆኑ ልጅ ተልኮ እስኪጠሩ መታገሥ ነው። ኅዳር 21፣ ለጽዮን ማርያም በዓል፣ መሄድ ያሰበ ደግሞ ጀልባውን ቀደም ብሎ ይያዝ፤ በየብስ የሚኖሩት ዛዮችም ለበዓሉ ወደ ደሴታቸው ስለሚሻገሩ ቦታ ላይገኝ ይችላል።