በዝናብ ቀን ወደ ፏፏቴና ወደ በረዶ ግግር

ከሬይኪያቪክ የተነሣነው ገና ሳይነጋ ነው። ሬይኪያቪክ የአይስላንድ ዋና ከተማ ናት። አይስላንድ በሰሜን አውሮፓ፥ በውቅያኖስ መካከል ያለች ደሴት ናት። ስሟ «የበረዶ አገር» ማለት ነው። ያን ጧት ግን የተቀበለን ዝናብ ነበር።

ወሩ ጥቅምት ነው። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ ቢጫ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በዚያ አገር ማስጠንቀቂያው ሦስት ቀለም አለው፤ ቢጫ፥ የብርቱካን ቀለምና ቀይ። ቢጫ «ተጠንቅቃችሁ ሂዱ» እንደ ማለት ነው። አስጎብኚያችን ወጣት ሴት ናት። ሚኒባሱ ውስጥ ስንገባ መጀመሪያ የነገረችን ስለ ፏፏቴ አይደለም፤ ስለ በር ነው። «በሩን ስትከፍቱ በሁለት እጃችሁ ያዙት፤ ነፋሱ ገንጥሎ ይወስደዋል» አለችን። ሳቅን። ነዳጅ ማደያው ጋ ስንወርድ ግን ሳቁ ቀረ። በሩን ለመዝጋት ሁለት ሰው አስፈለገ።

ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ ሴልያላንድስፎስ ደረስን። «ፎስ» በእነሱ ቋንቋ ፏፏቴ ማለት ነው። በእኛ አገር ጢስ ዓባይን ያየ ሰው ይገምተው። ጢስ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ነው፤ ይኼኛው 60 ሜትር ያህል ይሆናል። በስፋት ግን ዓባይ በክረምት በብዙ ይበልጠዋል። የዚህ ፏፏቴ ልዩ ነገሩ ሰው ከውሃው ጀርባ ዞሮ ማለፍ መቻሉ ነው። እኛም ዞርን። ነፋሱ ውሃውን ወደ ላይ እየመለሰ ይረጨናል። ከላይ ዝናብ፥ ከጎን ፏፏቴ! ከወዲያ ማዶ ስንወጣ ካልሲያችን ሳይቀር ይጨመቅ ነበር።

ሁለተኛው ፏፏቴ ስኮጋፎስ ነው። እሱም 60 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ ስፋቱ 25 ሜትር ነው። ጉሙ ግማሹን ስለ ሸፈነው ውሃው ከሰማይ የሚወርድ ይመስል ነበር።

ከዚያ ወደ ሶልሄይማዮኩል ሄድን። «ዮኩል» የበረዶ ግግር ማለት ነው። መቼም እኛ በረዶ ስንል የምናውቀው ከዝናብ ጋር የሚወርደውን ነው። የበረዶ ግግር ሌላ ነው። በተራራ ላይ የወረደው አመዳይ በጋው ሳያቀልጠው ሌላ ይደረብበታል። ብዙ ዘመን ሲደራረብ ይጠቀጠቅና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከክብደቱ የተነሣ እንደ ረጋ ማር ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ከአይስላንድ መሬት ከመቶ አሥር እጅ ያህሉ በዚህ የተሸፈነ ነው። ከሶልሄይማዮኩል በላይ ባለው ትልቅ ግግር ሥር ካትላ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ። በ1918 በአውሮፓ አቆጣጠር ፈንድቶ ነበር። ከግግሩ በሚወጣው ወንዝ አጠገብ የተበላሸ ዕንቁላል የመሰለ ሽታ አለ፤ ይህ የእሳተ ገሞራው ድኝ ነው።

ሐሳባችን የብረት ጥርስ ያለው ጫማ አድርገን በረዶው ላይ መውጣት ነበር። አስጎብኚዋ ነፋሱን አየችና «ዛሬ አንወጣም» አለች።

ከመካከላችን አንዱ «ከፍለን እኮ ነው የመጣነው!» ብሎ ተቆጣ።

«ነፋሱ ሰው ይጥላል። ከወደቃችሁ ደግሞ የምትወድቁት ስንጥቁ ውስጥ ነው። ገንዘቡን እንመልስላችኋለን» አለችው። ዝም አለ። ቢሆንም ሁላችንም ከፍቶን ነበር።

ከዚያ በመንገዱ ዳር ወዳለ ሰሌዳ ወሰደችን። በሰሌዳው ላይ ዓመተ ምሕረትና የሜትር ቁጥር ተጽፏል። በአካባቢው ያለ ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል ልጆች ከ2010 ጀምሮ በየዓመቱ በመከር ወራት እየመጡ የበረዶውን ጠርዝ ይለካሉ። በአንዳንድ ዓመት ጥቂት ሜትር፥ በአንዳንዱ ብዙ ሜትር ሸሽቷል። ሲደመር ከ300 ሜትር ይበልጣል። ከሰል፥ ነዳጅና ጋዝ ሲቃጠሉ የሚወጣው ጭስ ምድርን ስላሞቃት፥ የሚቀልጠው ከሚጨመረው በልጧል።

«እኔም በ12 ዓመቴ ሜትሩን ጎትቻለሁ» አለች አስጎብኚዋ። «ያኔ ጠርዙ እዚያ ነበር።»

ጣቷን ወደ ቀሰረችበት ተመለከትን። በረዶ የለም። ግራጫ ሐይቅ ነው፤ ዝናቡ ይደበድበዋል። በረዶው ከሐይቁ ማዶ በጉም ውስጥ ብልጭ ይልና ይጠፋል። በላዩ ከእሳተ ገሞራው የቀረ ጥቁር አመድ አለበት። የተቆጣው ጓደኛችን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ አነበበ። ማንም አልተናገረም።

ማታ በአራት ሰዓት ከተማ ገባን። ገንዘቡን እንዳለችው መለሱልን። ጫማችን ሳይደርቅ ሦስት ቀን ቆየ።