ለመድረክ ሴት ዕድሜ የሚሰጣት ምንድን ነው? ከአስናቀች ወርቁ እስከ ጁባዋ ኢሞጅን

ማላኪያ ከጁባ ነባር ሰፈሮች አንዱ ነው። ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ወታደር ያልሆነውን፣ ከጦር ሰፈሩ ውጪ የሚኖረውን ሕዝብ ያመለክታል። በገበያው ባሪው፣ ዲንካውና ከኢትዮጵያ የሄደው ነጋዴ የሚግባቡት በጁባ ዐረብኛ ነው። እአአ ግንቦት 2012 ይኸው የገበያ ቋንቋ ለንደን በሚገኘው ግሎብ ቴአትር መድረክ ላይ ሼክስፒርን ተናገረ። ደቡብ ሱዳን ነጻ ከወጣች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር።

'ሲምበሊን' የተሰኘውን ተውኔት ወደ ጁባ ዐረብኛ የመለሰው ጆሴፍ አቡክ ነው። አባቷ ያልፈቀደውን ባል የምታገባውንና ኋላም ወንድ መስላ የምትሰደደውን ልዕልት ኢሞጅንን ማርግሬት ኮዋርቶ ተጫወተች። በሼክስፒር ዘመን ሴት መድረክ ላይ ስለማትወጣ ይህን ሚና የሚይዘው ለጋ ወጣት ወንድ ነበር።

የአዲስ አበባ ቴአትርም የጀመረው እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ሙሽራዋም እናትየዋም ነጠላ ያጣፉ ወንዶች ነበሩ። ይህን ከለወጡት ቀዳሚ ሴቶች አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት። እአአ በ1950ዎቹ መጀመሪያ መድረክ ስትወጣ ለሴት ልጅ ተዋናይነት እንደ ሙያ የሚቆጠር አልነበረም፤ 'አዝማሪ' የሚለው ቃል ራሱ ለስድብ ይውል ነበር። እሷ ደግሞ ተዋናይ ብቻ ሳትሆን ክራር ደርዳሪም ነበረች። ተመልካች የሚያያትን ገጸ ባሕርይ ከራሷ ሕይወት ጋር ያምታታው ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም። ተዋናይት ከሆነች ሴት ጋር አብሮ የሚኖር ዕዳ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተከፈለም።

ያም ሆኖ አስናቀች ቆየች። ለመቆየቷ ድፍረቷ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው ግን ብዙ ጊዜ የማይወሳው፣ ቤት የመኖሩ ጉዳይ ነው። በ1948 ዓ.ም የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተዋንያንን በቋሚነት ቀጥሮ ደመወዝ የሚከፍል ተቋም ነው። ሀገር ፍቅርም እንዲሁ። ሥርዓቱ የራሱ ጣጣ አላጣውም፤ ሳንሱሩም ቢሮክራሲውም ነበሩ። ነገር ግን በሃያ ዓመቷ ሙሽራ ሆና የገባች ሴት በአርባዋ እናት፣ በስድሳዋ አማት ወይም ነገር አዋቂ ጎረቤት ሆና ልትተውን የምትችለው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው። በኋላ ፊልሙና የቴሌቪዥን ድራማው ሲስፋፉ የእናትና የአያት ገጸ ባሕርያትን ለመሙላት ዓይናቸውን የጣሉት እዚያ በበሰሉ ሴቶች ላይ ነበር።

የአስናቀች የክራር ዜማዎች 'ኢትዮፒክስ' በተሰኘው የሙዚቃ ስብስብ 16ኛ ቅጽ ለዓለም ደርሰዋል። ያረፈችው በመስከረም 2004 ዓ.ም ነው፤ ደቡብ ሱዳን ነጻ በወጣች በሁለት ወሯ። እአአ በ2013 ራሔል ሳሙኤል ስለ ሕይወቷ የሠራችው ዘጋቢ ፊልም ለዕይታ በቅቷል።

የጁባ ተዋንያን የጎደላቸው ተሰጥኦ አይደለም፤ ያልተቋረጠ ጊዜ ነው። በከተማዋ የሚገኘው የኒያኩሮን የባህል ማዕከል የተከፈተው እአአ በ1976፣ የአዲስ አበባው የ1972 ስምምነት ባስገኘው የሰላም ዘመን ነው። ጦርነቱ በ1983 ሲያገረሽ ብዙዎች ወደ ካርቱም ተሰደዱ፤ በ1994 'ክዎቶ' የተባለውን ቡድን ያቋቋሙትም እዚያው የተፈናቀሉ የደቡብ ባለሙያዎች ናቸው። የ2005ቱ ስምምነት ወደ ጁባ መመለሻ መንገድ ከፈተ። በታኅሣሥ 2013 ደግሞ የገዥው ፓርቲ አመራሮች የተወዛገቡበት ስብሰባ የተካሄደው በዚሁ በኒያኩሮን አዳራሽ ነበር፤ ስብሰባው ባበቃበት ሌሊት ተኩስ ተከፈተ። መድረኩ ለቴአትር ሳይሆን ለሌላ ታሪክ መነሻ ሆነ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ኒያኩሮን ሲከፈት በሃያ ዓመቷ የሙሽራ ሚና የያዘች ሴት ብትኖር፣ ጦርነቱ ሲያገረሽ 27፣ የሰላም ስምምነቱ ሲፈረም 49፣ ዳግም ተኩስ ሲከፈት 57 ዓመቷ ነበር። እአአ በ2018 የሰላም ስምምነቱ ሲታደስ 62 ይሞላታል። የአያትን ሚና የምትይዝበት ዕድሜ ላይ ትደርሳለች፤ የእናትን ግን አልተጫወተችም።