የጠፋችው መልስ

ተማሪ ቤት ሳለን በአንድ የሒሳብ ፈተና ላይ «አንድ ቁጥር በራሱ ቢባዛ የራሱን አምስት እጥፍ ይሆናል፤ ቁጥሩ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ቀረበልን። እኛም ሳንውል ሳናድር ሀ² = 5ሀ ብለን ጻፍንና ሁለቱንም ወገን ለሀ አካፍለን «አምስት» ብለን በኩራት አስረከብን። ወረቀቱ ሲመለስ የተሰጠን የነጥቡ ግማሽ ብቻ ነበር። ተቆጥተን ወደ መምህራችን ብንሄድ «ሌላዋስ የት ገባች?» ብለው ጠየቁን። ለካስ ዜሮም በራሷ ብትባዛ ያው የራሷን አምስት እጥፍ ትሆናለች! ሀ ዜሮ ሊሆን እንደሚችል ሳናስብ አካፋይ ስላደረግነው፥ ከሁለቱ መልሶች አንዷን በገዛ እጃችን ጥለናት ኖሯል።

መድኃኒቱ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን ሰብስቦ ሀ(ሀ − 5) = 0 ብሎ መጻፍ ነው። ሁለት ተባዦች ተባዝተው ዜሮ የሚሰጡት ቢያንስ አንዱ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነውና፥ ወይ ሀ ዜሮ ነው፥ ወይም ሀ አምስት ነው። ይህ የዜሮ ብቻ ጠባይ መሆኑን ግን ልብ ይሏል። ውጤቱ ስድስት ቢሆን ኖሮ ሁለት በሦስት ይሁን አንድ በስድስት፥ ወይም የአሥራ ሁለት እኩሌታ፥ ማን ያውቃል?

እነዚህ መልሶች «ሥር» መባላቸው የቆየ ነገር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ820 ዓ.ም. ገደማ በባግዳድ ይሠራ የነበረው አል ኽዋሪዝሚ፥ አልጀብራ ስሙን ባገኘበት መጽሐፉ ያልታወቀውን ቁጥር ሥር ይለው ነበር። የታወቀው ምሳሌው ሀ² + 10ሀ = 39 ነው። አንድ እኩል ጎን ያለው አራት ማዕዘን ሥሎ፥ በሁለት ጎኖቹ ላይ ወርዳቸው አምስት አምስት የሆነ ሁለት ክፋዮች ቀጠለ። ማዕዘኑ ላይ የጎደለው አምስት በአምስት፥ ማለትም 25 ነው፤ 39 እና 25 ደግሞ 64 ይሆናሉ። እንግዲህ የትልቁ ሥዕል ጎን 8 ነውና 5 ሲቀነስለት 3 ይቀራል። የቀረው ሥር −13 ነው፤ እርሱ ግን ከምንም ያነሰ ጎን የለም ብሎ አልቈጠረውም። ታላቁ ሊቅም ግማሹን ትቷል ብለን እኛም ትንሽ ተጽናናን።

ነገሩ ከቢሮ ሥራም አይርቅም። አንድ ሰው 40 ሜትር ሽቦ ይዞ 96 ካሬ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቦታ ሊያጥር ፈለገ እንበል። የርዝመቱና የወርዱ ድምር 20 ነው፤ ስለዚህ ሀ² − 20ሀ + 96 = 0። ተባዦቹን በግምት መፈለግ አያሻም። የ20 እኩሌታ 10 ነው፤ አንዱ ጎን ከ10 በበለጠበት ልክ ሌላው ያንሳል። ከ100 ላይ 96 ሲነሣ 4 ይተርፋል፥ የ4 ሥር 2 ነው፤ እንግዲህ ጎኖቹ 12 እና 8 ናቸው። ባቢሎናውያን ጸሐፊዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1800 ዓመት ገደማ በሸክላ ጽላት ላይ የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነበር።

ሰውየው በዚያው ሽቦ 120 ካሬ ሜትር ልጠር ቢልስ? ከ100 ላይ 120 ሲነሣ −20 ይሆናል፤ በራሱ ተባዝቶ ከዜሮ በታች የሚወርድ ቁጥር ደግሞ በመሬት ልኬት አይገኝም። ማመልከቻው እንዲህ ሆኖ ከመጣ ቀያሽ መላክ አያስፈልግም፤ ሰውየው ቦታውን ክብ አድርጎ አጥራለሁ ካላለ በቀር።