በቸኮላት ወረቀት የታነጸ ካቴድራል

ገና ሲደርስ የክርስቶስን ልደት በትንንሽ ምስሎች ማሳየት በብዙ አገር የተለመደ ነው፤ በረት፣ ጭድ፣ ላምና አህያ። የፖላንዷ ክራኮቭ ግን ሕፃኑን በረት አታስተኛውም። ባለ ማማና ባለ ጉልላት፣ ወርቅ የለበሰ ሕንፃ ታንጽለታለች። ግድግዳው ካርቶን፣ ወርቁም የቸኮላት መጠቅለያ ነው።

ሾፕካ ይሉታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስለመዱት በከተማዋ ዳርቻ የሚኖሩ ግንበኞችና አናጢዎች ናቸው። በረዶ ሲወርድ ግንባታ ይቆማል፤ ገቢም አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ከቁርጥራጭ ጣውላና ከካርቶን ሾፕካ ይገጣጥሙና ቤት ለቤት እየዞሩ፣ እየዘመሩ ሳንቲም ይሰበስቡ ነበር። የእኛ የሆያ ሆዬ ልጆች የሚይዙት ዱላ እንጂ ካቴድራል አይደለም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ምድር ቤቱ የአሻንጉሊት መድረክ ነበረው፤ ሄሮድስ እዚያ ከሞትና ከሰይጣን ጋር ይፋጠጣል። ቅድስት ቤተሰብ ከበላዩ ባለው ፎቅ ላይ ነች።

ግንበኛ የሚያውቀውን ይሠራል፤ እነሱም የከተማቸውን ሕንፃዎች ሠሩ። ቁመታቸው የማይተካከለው የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሁለት ማማዎችና የቫቬል ካቴድራል የወርቅ ጉልላት ከሾፕካ አይጠፉም። ግንበኛው ሚሃው ኤዘኔኪየር የሠራው ትልቅ ሾፕካ ለተከታዮቹ ሁሉ አርአያ ሆኖ ዛሬም በክራኮቭ የኢትኖግራፊ ሙዚየም ይገኛል።

ጥበቡ ያለው ግን ወረቀቱ ላይ ነው። ብልጭልጩ ወረቀት ለጥ ብሎ ከተለጠፈ እንደ መስታወት ዓይን ይወጋል እንጂ ግድግዳ አይመስልም። ጨምደድ አድርገው መልሰው በጣት ሲዘረጉት እያንዳንዱ እጥፋት ለየብቻው ብርሃን ይይዛል፤ ራቅ ብሎ ላየው የተጠረበ ድንጋይ ይመስላል። ቀጭን ቁራጭ ሲጠመዘዝ ገመድ ይሆንና የዓምዱንና የመስኮቱን ጠርዝ ይከብባል። መስኮቱ በባለ ቀለም ሴሎፎን ይሸፈንና ከኋላው አምፖል ይበራበታል፤ አንዳንዱም ትንሽ ሞተር ተገጥሞለት ምስሎቹ ይሽከረከራሉ። ዛሬ ብዙዎች ወረቀቱን ከሱቅ ይገዛሉ። እርግጥ ሥራው ያምራል፤ እኔ ግን የቸኮላቱ መጠቅለያ ጽሑፍ በአንዱ ጥግ ብቅ ያለበትን እመርጣለሁ።

ልማዱ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተዳክሞ ነበር። ያነቃቃው እ.ኤ.አ. በ1937 የተጀመረው ውድድር ነው፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አቋርጦት በ1945 እንደገና ቀጠለ። በ2018 ደግሞ ዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዘገበው፤ ከፖላንድ የመጀመሪያው ነው።

ውድድሩ የሚካሄደው በዲሴምበር የመጀመሪያ ሐሙስ፣ በእኛ አቆጣጠር በኅዳር መገባደጃ ነው። ሠሪዎቹ ሾፕካቸውን ይዘው በዋናው አደባባይ፣ በባለቅኔው አዳም ሚትስኪየቪች ሐውልት ሥር ይደረድራሉ፤ ከዚያም በሰልፍ ለዳኞች ያቀርባሉ። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ተራ በተራ የሚወዳደሩባቸው ቤተሰቦች አሉ። ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ሾፕካ ለማንሳት ብዙ ሰው ይረባረባል። ከ15 ሳንቲ ሜትር የማይበልጡት የራሳቸው ምድብ አላቸው፤ እንዲያም ሆኖ ማማውም፣ ጉልላቱም፣ ሕፃኑም መጉደል የለባቸውም።