ፌስታል ታገደ፤ ታዲያ ፕላስቲክ ኢንጂነሪንግ መማር ያዋጣል?

ዲፓርትመንት ልትመርጡ ነው እንበል። “ፖሊመርና ፕላስቲክ ኢንጂነሪንግ” የሚለውን ስትሰሙ ደስ አላችሁ። ቤት ስትናገሩ ግን “ፌስታል በአዋጅ ተከልክሎ የምን ፕላስቲክ ነው?” ተባላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እስቲ ረጋ ብለን እንየው።

በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ያጸደቀው አዋጅ የከለከለው አንዴ ተጠቅመን የምንጥለውን የፕላስቲክ ከረጢት ነው። የውሃ ቱቦው፣ ጀሪካኑ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋኑ፣ ሲሪንጁ አሁንም አለ። ፌስታልን የሚተካውን ማን ይሠራል? የተጣለውንስ ማን መልሶ ጥቅም ላይ ያውለዋል? ይሄም የዚሁ ሙያ ሥራ ነው።

ምንድን ነው የሚማሩት?

ፖሊመር ማለት ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የሚፈጥሩት ረጅም ሞለኪውል ነው። ጎማም ናይለንም፣ ጥጥም ሳይቀር ፖሊመር ነው። ኢንጂነሩ የሚማረው ይህንን ወደ ዕቃ መቀየር ነው። የፕላስቲክ ወንበር የሚሠራው ቅልጡ በግፊት ሞልድ ውስጥ ገብቶ ነው። የውሃ ጠርሙስ በአየር ተነፍቶ፣ ቱቦ ደግሞ በቅርጽ ማውጫ ቀዳዳ ተገፍቶ ይወጣል።

የት ይሻላል?

አገር ውስጥ የተለመደው መግቢያ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ (5 ኪሎ)፣ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እና ባሕር ዳር ይሰጡታል። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እና ጅማ ደግሞ ማቴሪያልስ ኢንጂነሪንግ አላቸው። ውጭ ለምታስቡ፣ ሕንድ ውስጥ በ1968 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና በፕላስቲክ ላይ የሚሠራው ሲፔት አለ፤ የሙምባዩ ኬሚካል ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም የፖሊመር ዲፓርትመንት አለው።

ስም ብቻ አይታችሁ ግን እንዳትወስኑ። እነዚህን ጠይቁ፦

1. ካሪኩለሙን አግኙ። ስንት የፖሊመር ኮርስ አለው? ግዴታ ነው ወይስ ምርጫ? አንድ ኮርስ ብቻ ከሆነ የምትማሩት ጠቅላላ ኬሚካል ነው ማለት ነው። መጥፎ አይደለም፣ ግን አውቃችሁ ግቡ።

2. ላቡ ይሠራል? ማሽን መኖሩና መሥራቱ ይለያያል። ብሮሹሩን ትታችሁ የ4ኛ ዓመት ተማሪ “በእጅህ ነክተኸው ታውቃለህ?” በሉት።

3. ኢንተርንሺፕ የት ይወጣሉ? ፋብሪካ ገብቶ ሞልድ ሲቀየር ያየና ቢሮ ወረቀት ሲያስተካክል የከረመ እኩል አይወጡም።

4. መውጫ ፈተና። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳያልፉ ዲግሪ የለም። ዲፓርትመንቱ ስንት ተማሪ አስፈትኖ ስንት እንዳሳለፈ ጠይቁ።

5. የግል ኮሌጅ ከሆነ፣ ለዚያው ፕሮግራምና ለዚያው ካምፓስ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ አለው? ክፍያ ሳትከፍሉ አጣሩ።

ልብ በሉ፣ ፋብሪካዎቻችን የሚያቀልጡት ጥሬ ዕቃ በአብዛኛው ከውጭ በዶላር የሚገባ ነው። ዶላር ሲጠፋ ማሽን ይቆማል፣ ቅጥርም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሪሳይክሊንግ ላይ የሚያሠራ መምህር ወይም ፕሮጀክት ያለበት ግቢ ካገኛችሁ ያንን አስቀድሙ። ጥሬ ዕቃው እዚሁ ሰፈራችን ቱቦ ዘግቶ ተቀምጧል።

እና ነጥቡ ካልመጣስ? ቴክኒክና ሙያ ገብቶ በማሽን ሥራ፣ ቀጥሎም በሞልድ መጀመርም መንገድ ነው። ሞልድ መጠገን የሚችል ባለሙያ ፋብሪካ ውስጥ ይፈለጋል።

ዘንድሮ ለሚመርጥ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት። ይህንን ዘርፍ እየተማራችሁ ያላችሁ ደግሞ ላባችሁ ምን እንደሚመስል ኮሜንት ላይ ንገሩን።