ኒዕማን በየቀኑ መጻፍ፦ ለሹክር የሚያግዝ ትንሽ ልማድ



የጎደለንን ለመቁጠር አስተማሪ አያስፈልገንም። መብራት ሲጠፋ፣ ዘይት ሲወደድ፣ ራሳችንን ሲያመን ወዲያው እናማርራለን። መብራቱ ሲበራና ጤና ሆነን ስንውል ግን ልብ አንለውም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ብዙ ሰዎች የሚከስሩባቸው ሁለት ኒዕማዎች ጤናና ትርፍ ጊዜ መሆናቸውን እንደተናገሩ ቡኻሪ ዘግበዋል። የሁለቱም ዋጋ የሚገባን ብዙ ጊዜ ካጣናቸው በኋላ ነው።

ከዚህ ዝንጋታ ለመንቃት የሚያግዝ ቀላል ልማድ አለ። አላህ ከለገሰን የምንወዳቸውን ሦስት ነገሮች በየቀኑ ደብተር ላይ ማስፈር፣ ይህንንም ለአንድ ሙሉ የሂጅራ ዓመት መቀጠል ነው።

መጻፍ ምን ይጠቅማል?

ሮበርት ኢሞንስና ማይክል ማከለው የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን ለ10 ሳምንታት በየሳምንቱ አጽፈዋል። አንዱ ቡድን የሚያመሰግንባቸውን ነገሮች፣ ሁለተኛው ያስቸገሩትን፣ ሦስተኛው ደግሞ የገጠሙትን ክስተቶች ጻፈ። ምስጋናን የጻፉት ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት እንዳላቸው፣ ስለ መጪው ሳምንትም የበለጠ ተስፋ እንዳደረባቸው ገልጸዋል።

ለእኛ ግን ጉዳዩ ከስሜት ያለፈ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኢብራሂም አንቀጽ 7 ላመሰገነ ጭማሪን ቃል ገብቷል። ዑለማዎች ሹክር በልብ፣ በምላስና በአካል እንደሚፈጸም ያስረዳሉ። መጻፍ ልብን ያነቃል እንጂ ሌሎቹን አይተካም። በራሱ በሸሪዓ የተደነገገ ዒባዳም አይደለም፤ ቁጥሩንም ሆነ ሰዓቱን የመረጥነው ለራሳችን እንዲመች ነው።

እንዴት እንጀምር?

• ቋሚ ሰዓት እንምረጥ። ከዒሻ ሶላት በኋላ ያለው ጊዜ ቀኑን መለስ ብሎ ለማየት ይመቻል።

• ዝርዝሩን እንጻፍ። "ቤተሰቤ" ብሎ በየቀኑ መጻፍ ቶሎ ይሰለቻል። "ውሃ ከሦስት ቀን በኋላ መጣ"፣ "የታመመችው ልጄ ዛሬ ቁርስ በላች"፣ "ጎረቤቴ ልጆቼን ከመድረሳ ይዛልኝ መጣች" ብንል ግን ቀኑ ከነመልኩ ይቀመጣል።

• የሰው እጅ ካለበት ሰውየውን እናመስግን። ሰዎችን የማያመሰግን አላህን እንደማያመሰግን በሐዲስ ተነግሮናል።

• ለራሳችን እናድርገው። በየዕለቱ ለሰው ማሳየት ለሪያእ በር ይከፍታል።

• አንድ ቀን ቢያመልጠን አንተወው። አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ትንሽም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የተላለፈው ሐዲስ ያስተምረናል።

ሐዘን ወይም ችግር በሚበረታበት ቀን ምንም ላይመጣልን ይችላል። ያኔ ራሳችንን ማስጨነቅ አይገባም፤ የቀደሙትን ገጾች እናንብብ። ከዚህ በፊት አላህ ያሳለፈልንን በራሳችን እጅ ጽፈን ስናገኘው ለሰብር ያበረታናል።

የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀናት አሉት። በቀን ሦስት ብንጽፍ በዓመቱ መጨረሻ ከ1,060 በላይ ኒዕማዎች ይሰፍራሉ። እስትንፋሳችንን፣ የዓይናችንን ብርሃን፣ የጻፍንበትን ጣት ግን ምናልባት አንዴም አላነሳናቸውም። የአላህን ጸጋ ብንቆጥር እንደማንዘልቀው በሱረቱ ኢብራሂም አንቀጽ 34 እና በሱረቱ አን-ነሕል አንቀጽ 18 የተነገረውን ያኔ በደብተራችን ላይ እናየዋለን።

አላህ ከአመስጋኝ ባሮቹ ያድርገን። ኣሚን።